የወንድሜ ሄልሜት ግንባሬን ይወጋኛል፣ ጆሮዬም ማታ ማታ ይጮኻል

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 29 ነው፣ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። የምተዳደረው በሞተር ዕቃና ሰነድ በማድረስ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ መርካቶ ስመላለስ እውላለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ደግሞ በቀለበት መንገድ እስከ ቃሊቲ እሄዳለሁ።

የማደርገው ሄልሜት የታላቅ ወንድሜ ነበር። ወንድምጋሼ ሞተር መንዳት ሲያቆም «እኔን አትርፎኛል፣ አንተንም ያትርፍህ» ብሎ በገዛ እጁ ራሴ ላይ አድርጎልኝ ነው የሰጠኝ። በ2009 ዓ.ም. አዲስ የገዛው ነው። አንድ ጊዜ ጎተራ አካባቢ ወድቆበት ሄልሜቱ አስፋልቱን መትቷል፤ እሱ ግን በሰላም ተነሣ። ጭረቱ በቀኝ በኩል እስካሁን አለ።

ችግሬ ይህ ነው። ካደረግሁት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግንባሬን መሀሉ ላይ ይወጋኛል፣ ሳወልቀው ቀይ ምልክት ይታያል። ጎንና ጎኑ ግን ላላ ያለ ነው፤ ራሴን ሳዞር ሄልሜቱ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚዞረው። ቁጥሩ ኤል ነው። ከሦስት ወር በፊት ከነዳጅ ሞተር ወደ ኤሌክትሪክ ተዛወርኩ። ሞተሩ ጸጥ ሲል ነው የነፋሱን ጩኸት ያስተዋልኩት። አሁን ማታ ቤት ስገባ ጆሮዬ ውስጥ የማይቆም ሲርታ ይሰማኛል፣ ባለቤቴም ሁለት ሦስት ጊዜ ካልጠራችኝ አልሰማትም። እውነቱን ለመናገር ከሰዓት በኋላ ማሰሪያውን ፈትቼ ነው የምነዳው።

ዕቁብ ወጥቶልኝ 12,000 ብር ለዚሁ ለይቻለሁ። ኤክስኤል ልግዛና ልገላገል? ጓደኞቼ ፊቱ ክፍት የሆነውን ግዛ፣ አየር ታገኛለህ፣ ክላክስም ትሰማለህ ይሉኛል። አንዱ ደግሞ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ውድ ሄልሜት በ7,000 ላምጣልህ ብሎኛል። ከሁሉም በላይ የወንድሜን ስጦታ ባወልቀው ቅር እንዳይለው ፈርቻለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጆሮዬ የሚጮኸው፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

ውድ ወንድሜ፣

ማሰሪያውን ፈትተህ እንደምትነዳ ሳትሸሽግ መጻፍህ በጣም ጠቅሞኛል፤ የነገሩ ውል ያለው እዚያ ላይ ነውና። የሚያሳምም ሄልሜት ቀስ በቀስ ከራስ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ማሰሪያው ይፈታል፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ይገፋል፣ በመጨረሻ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል። ይህ የሆነው ግዴለሽ ስለሆንክ አይደለም፤ በቀን ዐሥር ሰዓት ግንባር የሚወጋ ነገር ማንም አይችለውም። ስለዚህ ምቾት ፈለግሁ ብለህ አትሸማቀቅ፤ ገንዘቡም ለቅንጦት የሚወጣ አይደለም።

ከኤክስኤሉ ልጀምር፤ እስካሁን ካልገዛኸው እባክህ ቆይ። የጻፍካቸው ሁለት ምልክቶች፣ ግንባር መሀል መውጋቱና ጎንና ጎኑ መላላቱ፣ አብረው ሲመጡ የሚናገሩት ስለ ቁጥር ሳይሆን ስለ ቅርጽ ነው። የሰው ራስ ከላይ ሲያዩት ከግንባር እስከ ማጅራት ረዘም ያለ አለ፣ ወደ ክብ የሚያደላ አለ፣ በሁለቱ መካከል ያለም አለ። ሄልሜቶችም ውስጣቸው እንዲሁ ይለያያል። የወንድምህ ሄልሜት ውስጡ ክብ ሳይሆን አይቀርም፣ ያንተ ራስ ደግሞ ረዘም ያለ ይመስላል። ረዘም ያለ ራስ ክብ ውስጥ ሲገባ ፊቱና ኋላው ይጣበቃል፣ ጎኑ ባዶ ይቀራል። ኤክስኤል ብትገዛ ግንባርህ ያርፍ ይሆናል፣ ጎኑ ግን ከአሁኑ ይብስበታል። በላላው በኩል ነፋስ ይገባል፣ ጩኸቱ ይጨምራል፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ደግሞ ሄልሜቱ ዞሮ ዐይንህን ሊሸፍን ወይም ጭራሽ ሊወልቅ ይችላል። ሕመሙና ድምፁ ሁለት የተለያዩ ችግሮች መስለውሃል፤ ሁለቱም ግን በአብዛኛው የመጡት ራስህና ሄልሜቱ ካለመግጠማቸው ነው።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገባ የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልግ። ከቅንድብህ በላይ ሁለት ጣት ያህል፣ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለህ፣ ከጆሮዎችህ በላይ አሳልፈህ፣ በማጅራትህ በኩል ጎላ ብሎ በወጣው ቦታ ዙሪያውን ለካ። ሦስት ጊዜ ለክተህ ትልቁን ቁጥር ያዝ። በብዙ አምራቾች ሠንጠረዥ 57–58 ሴንቲ ሜትር ኤም፣ 59–60 ኤል፣ 61–62 ኤክስኤል ነው፤ ግን እያንዳንዱ አምራች የራሱ ሠንጠረዥ ስላለው ሱቅ ውስጥ የዚያን ሄልሜት ሠንጠረዥ ጠይቅ። ምናልባት ትክክለኛ ቁጥርህ ኤም ሆኖ ታገኘው ይሆናል፤ ራሳቸውን ሳይለኩ አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው የሚገዙ ብዙ ናቸው።

ከዚያ ቅርጹን እንይ። አንድ ሜትር የማይሞላ ለስለስ ያለ የኤሌክትሪክ ገመድ ወስደህ ሜትሩ ባለፈበት መስመር ራስህ ላይ ጠምጥመው፣ በአፍንጫህ አቅጣጫ ያለውን ነጥብ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት። ቅርጹ ሳይበላሽ ቀስ ብለህ አውጣና ወረቀት ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን ሣል። ባለቤትህ ብትይዝልህ ይቀላል። ወረቀቱ ላይ የምታየው ዕንቁላል የመሰለ ነገር ከሆነ ግምታችን ልክ ነው። ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ አድርግ፤ ገበያ ላይ ሄልሜቱን ገልብጠህ ውስጡን ከሥዕሉ ጋር ስታስተያየው ባለሱቁ ከሚነግርህ ብዙ ነገር የበለጠ ይጠቅምሃል።

ወንድምጋሼ ስለሰጠህ ሄልሜት አንድ ነገር በእርጋታ ልንገርህ። የሄልሜት ጉልበቱ ከውጭ በሚታየው ጠንካራ ቅርፊት ብቻ አይደለም። ከጨርቁ ሥር፣ አዲስ ቴሌቪዥን ካርቶኑ ውስጥ ተደግፎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም የመሰለ ወፍራም ፎም አለ። ራስ ሲመታ ይህ ፎም ይጨፈለቃል፤ እየተጨፈለቀ ምቱን ይበላል፣ ጭንቅላት በድንገት ሳይሆን ቀስ ብሎ እንዲቆም ያደርጋል። ነገር ግን እንደ ትራስ ስፖንጅ ተመልሶ አይነፋም። የተጨፈለቀበት ቦታ ሥራው እዚያው አብቅቷል። ጎተራ ላይ የሄልሜቱ ቀኝ ጎን የወንድምህን ራስ ተክቶ ተጎድቷል ማለት ነው። ከውጭ የምታየው ጭረት ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጉዳት በዐይን አይታይም፣ በእጅም ተጭኖ አይታወቅም። ዕድሜውም አለ፤ አምራቾች በተለምዶ ከ5 ዓመት ገደማ አገልግሎት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ላቡና ፀሐዩ ሙጫውን፣ ጨርቁንና ማሰሪያውን ስለሚያደክሙት። በአንተ ራስ ላይ ያለው ስለዚህ አደራውን የተወጣ ሄልሜት ነው።

ግንባር የሚወጋውን ቦታ በማንኪያ ጀርባ ተጭኖ ማጎድጎድ ወይም በቢላ መላጥ የሚመክርህ ሰው ካለ እሺ አትበለው። ከፊት ለፊት ስትመታ ግንባርህን የሚቀበለው ያ የላጥከው ቦታ ነው። ሊቀየር የሚችለው ጨርቁና የጉንጭ ስፖንጁ ብቻ ነው፤ እሱም አምራቹ በሠራው ልክ።

በ7,000 ብር የመጣልህን ያገለገለ ሄልሜትም የምተወው በዚሁ ምክንያት ነው። ወድቆ ይሁን አይሁን ማንም ሊነግርህ አይችልም። በዚያ ላይ ስፖንጁ በሌላ ሰው ጉንጭ ልክ ተጋድሟል፤ ውዱ ሄልሜት ጸጥ የሚለው ደግሞ ስፖንጁ ጉንጭና አንገትን ጥብቅ አድርጎ ሲዘጋ ነው። ያ ከሌለ የከፈልክበት ነገር ስሙ ብቻ ይሆናል።

ወደ ግዢው እንሂድ። መርካቶ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆቹን ስትዞር መጀመሪያ እጅህ የሚሄደው ወደ ቀለሙና ፊትን ወደሚሸፍነው መስታወት እንዳይሆን፤ ማሰሪያውን ገልብጠህ እይ። ማሰሪያው ላይ የተሰፋች፣ ሄልሜቱ ተፈትኖ ማለፉን የምታሳይ ትንሽ ጨርቅ ትፈልጋለህ። በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ ፊደልና አንድ ቁጥር አለባት። ቁጥሩ የፈቀደውን አገር ያመለክታል፦ 1 ጀርመን፣ 3 ጣሊያን፣ 9 ስፔን እያለ ይሄዳል። አጠገቡ ያለው ረጅም ቁጥር በ05 ወይም በ06 ይጀምራል። 06 አዲሱ ደረጃ ሲሆን ራስን አዙሮ የሚመታን ምት ጭምር ይፈትናል፤ ካገኘህ እሱን ምረጥ። ከቁጥሩ ኋላ የላቲኑ ፒ ካለ አገጩን የሚሸፍነው ክፍል ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ጄ ከሆነ አገጩ ክፍት ነው። ኤን እና ፒ አብረው ከተጻፉ ደግሞ አገጭ ያለው ቢመስልም አይከላከልም፤ ይህንን ብዙ ገዢ አያውቀውም። ከኋላው «ዶት» የሚል ስቲከር ብቻ ለጥፎ ሌላ ምንም የሌለውን ተጠራጠረው። ዶት የአሜሪካ ደረጃ ሲሆን አምራቹ ራሱ «አሟልቻለሁ» ብሎ የሚለጥፈው ነው፤ ስቲከር ማሳተም ደግሞ ለማንም ቀላል ነው።

በመካከለኛ ዋጋ ከሚታወቁት ውስጥ የስፔኑ ኤምቲ፣ ኤልኤስ ቱ እና የኮሪያው ኤችጄሲ ይገኙበታል። ስማቸውን አስመስሎ የሚሠራ ስላለ ከስሙ ይልቅ የማሰሪያዋን ጨርቅ፣ የተመረተበትን ወርና ዓመት፣ እንዲሁም ትርፍ መስታወት ይገኝለት እንደሆነ ጠይቅ። ካርቦን ወይም ፋይበር ካልሆነ አይረባም ለሚልህ ብዙ ጆሮ አትስጥ። በአንተ በጀት የምታገኘው አብዛኛው ፖሊካርቦኔት ወይም ኤቢኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ያችን ጨርቅ ለማግኘት ሁሉም ያለፈው ያንኑ ፈተና ነው። የቅርፊቱ ዓይነት በክብደት ላይ ለውጥ አለው። ቀኑን ሙሉ ለምታደርገው ከ1.6 ኪሎ ባይበልጥ አንገትህ ያመሰግንሃል።

አንድ ጥያቄ ግን አትርሳ፤ «ይህ ሞዴል ስንት ዓይነት ቅርፊት አለው?» በል። ርካሾቹ አንድ ትልቅ ቅርፊት ሠርተው ለትንሹም ለትልቁም ቁጥር ውስጡን በስፖንጅ እያወፈሩ ይሸጡታል። አንተ ኤም ሆነህ የኤክስኤል ቅርፊት ተሸክመህ ብትሄድ ነፋሱ የሚያገኘው ሰፊ ነገር ነው፤ ይጎትትሃል፣ ይጮኻል።

አሁን አድርገው። ሁለቱን ማሰሪያዎች በሁለት እጅህ ወደ ጎን ወጥረህ አስገባው። አዲስ ሄልሜት ሲገባ ጆሮ ቢያጥፍ አይግረምህ፤ ከገባ በኋላ ግን ጆሮህ በቦታው ተዘርግቶ መቀመጥ አለበት። የታጠፈ ጆሮ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግንባሩ የባሰ ያምሃል። ጉንጭህ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ስታላምጥ የጉንጭህን ውስጥ የምትነክስ እስኪመስልህ ድረስ ጥብቅ ይበል። ይህ ጥብቀት አያስፈራህ፤ የጉንጭ ስፖንጅ በመጀመሪያዎቹ ከ15 እስከ 20 ሰዓታት ውስጥ ይለሰልሳል። ግንባር ላይ ያለው ግን አይለሰልስም፤ ከጀርባው ያ ጠንካራው ፎም ነውና። ስለዚህ ጉንጭ ላይ የሚጨንቅ ግዛ፣ ግንባር ላይ የሚወጋ አትግዛ።

የአገጩን ክፍል ይዘህ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ነቅንቀው። የፊትህ ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት፤ ሄልሜቱ ብቻውን ከተንሸራተተ ሰፍቶሃል። በግንባርህና በጨርቁ መካከል ጣት ለማስገባት ሞክር፣ መግባት የለበትም። ማሰሪያውን አስረህ ደግሞ ሌላ ሰው ከኋላህ ቆሞ የሄልሜቱን የታችኛውን ጠርዝ ከማጅራትህ በኩል ይዞ ወደ ፊት ይግፋው። ከራስህ ላይ ተገልብጦ ከወጣ ምንም ያህል ቢያምር ተወው። ለዚህ ፈተና ሰው ያስፈልግሃል፣ ብቻህን በደንብ አይሆንልህም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከዚያ ተቀመጥ፤ ግማሽ ሰዓት። ያንተ ሕመም የሚጀምረው ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው፣ ሱቅ ውስጥ በሁለት ደቂቃ የሚለካ ሰው አያገኘውም። ባለሱቁ ሊሰለች ይችላል፤ ቅዳሜ ገበያው ሲጨናነቅ ሳይሆን በሥራ ቀን ረፋዱ ላይ ሄደህ፣ ቀብድ ይዘህ «እገዛለሁ፣ ግን ግማሽ ሰዓት ላድርገው» በለው። ስታወልቀው በስልክህ ካሜራ ግንባርህን እይ። ጉንጭና ግንባር ላይ እኩል የተበተነ ቅላት ችግር የለውም፣ ቶሎ ይጠፋል። መሀል ግንባር ላይ አንድ ቦታ ብቻ ከቀላ ያው የዱሮው በሽታ ነው፤ ሌላ ሞዴል ሞክር።

ስለ ማሰሪያው፦ ሁለት ቀለበት ያለው ዓይነት የታወቀና አስተማማኝ ነው። አንተ ግን በየሕንፃው መግቢያ ጥበቃው «ሄልሜትህን አውልቅ» ሲልህ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትፈታ አስበው። ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ገፋ አድርገህ ቀጭ የሚልና በአንድ ጣት ስበህ የምትፈታው ማሰሪያ ላንተ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ማሰር ቀላል ሲሆን ሳትሰለች ታስረዋለህ። በአገጭህና በማሰሪያው መካከል ከሁለት ጣት በላይ እንዳይገባ አድርገህ አጥብቀው፤ የጨርቅ ማሰሪያ እየዋለ ስለሚረዝም በየወሩ ደግመህ እየው። አገጩ ወደ ላይ የሚከፈተውን ዓይነት ለጥበቃዎቹ ሲባል ልትመርጠው ብትፈልግ ይገባኛል፤ ግን ይከብዳል፣ በመገጣጠሚያው በኩልም ነፋስ ስለሚያስገባ አገጩ ከማይከፈተው ሙሉ ሄልሜት ይልቅ ይጮኻል። በመካከለኛ ዋጋ ደግሞ መገጣጠሚያው ቶሎ ይላላል።

ጓደኞችህ ስለመከሩህ ፊት ክፍት ሄልሜት ብዙ አልልም። አየር ታገኛለህ፤ ድምፁ ግን ይብስብሃል እንጂ አይቀንስልህም፣ ነፋሱ ቀጥታ ጆሮህ ሥር ነው የሚገባው። አገጭና ጥርስህም አስፋልቱን የሚቀበሉት ራሳቸው ናቸው።

ወደ ጆሮህ ልምጣ። መንገድ ላይ ሙሉ ጸጥታ የሚሰጥ ሄልሜት የለም፣ በጣም ውዱም ቢሆን። በሰዓት ከ60 ወይም 65 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሄድ ከሞተሩ ድምፅ ይልቅ ነፋሱ ይበልጣል፤ ኤሌክትሪክ ላይ ስትሆን ደግሞ ከዚያ በዝቅተኛ ፍጥነትም ይሰማሃል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ የሚለካው ድምፅ ከ95 እስከ 105 ዴሲቤል ይደርሳል። ለሠራተኞች ጆሮ ጤና የሚሠራበት አንዱ የታወቀ መለኪያ እንዲህ ይላል፦ 85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት፣ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ94 አንድ ሰዓት፣ በ100 ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ፒያሳና መርካቶ መካከል በሠላሳና በአርባ ስትንፏቀቅ ነፋሱ ያን ያህል አይጎዳህም። ጆሮህን የሚበላው የቀለበት መንገዱ ቀን መሆኑን እጠረጥራለሁ። ቃሊቲ በምትሄድባቸው ቀናት ማታ ሲርታው ይበልጣል? ለአንድ ሳምንት አስተውለህ እየው።

ነፋሱ የሚገባው በዋናነት ከሥር፣ በአንገትና በአገጭ በኩል ነው። አዲሱን ሄልሜት አድርገህ እጅህን ከአገጭህ ሥር ወደ ላይ ስትሰድ አራት ጣትህ እንደ ልቡ የሚገባ ከሆነ ነፋሱም እንዲሁ ይገባል። አንዳንዱ ሄልሜት ከአገጩ ሥር የሚሰካ ትንሽ የጨርቅ መጋረጃ አብሮት ይመጣል፤ ካለው አትጣለው። ከሌለው ስስ የጥጥ ሻርፕ አንገትህ ላይ ጠምጥመህ ጫፉን ጃኬትህ ውስጥ ክተተው፤ ለውጡ ያስገርምሃል። ሁለተኛው በመስታወቱ ጠርዝ ነው። የገበያ ደረሰኝ የምታህል ወረቀት በመስታወቱና በላስቲኩ መካከል አድርገህ ዝጋና ሳባት። ከላይ መሀል፣ ከግራ፣ ከቀኝ ሞክር። ያለ ትግል ከወጣች በዚያ በኩል ያፏጫል። አንዳንዱ ላይ የመስታወቱን መያዣ ብሎን ትንሽ አላልቶ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ማጥበቅ ይበቃል። ሦስተኛው ከላይ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ናቸው፤ ተከፍተው የሚዘጉ ይሁኑ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ስትወጣ ዝጋቸው። ቀንድ፣ ክንፍ፣ ቆብ የመሰለ ጌጥ ያለውን አትግዛ። ስልክ ጉንጭህና ሄልሜቱ መካከል ሰክተህ የማውራት ልማድ ካለህም ተወው፤ በአንድ በኩል ስፖንጁን አስፍቶ ሄልሜቱን ሁልጊዜ ላላ ያደርግብሃል፣ ሐሳብህንም ከመንገዱ ይወስደዋል።

ሞተርህ ፊት አጭር የነፋስ መከላከያ ካለው እሱም ሊሆን ይችላል። ከመከላከያው ጫፍ የሚነሣው የተበጠበጠ ነፋስ ልክ ሄልሜትህ ላይ ሲያርፍ የትኛውም ሄልሜት ይጮኻል። ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ቀስ ብለህ እየሄድክ መርገጫው ላይ ትንሽ ከፍ በል። ከፍ ስትል ድምፁ ከቀነሰ ጥፋቱ የመከላከያው ቁመት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ለረጅሙ መንገድ የጆሮ መድፈኛ ያስፈልግሃል። ከ12,000 ብሩ ላይ ወደ 1,500 ለይተህ ለመድፈኛና ለትርፍ መስታወት አስቀምጥ፤ ሁሉንም ሄልሜቱ ላይ አትጨርስ። ለስላሳዋ የስፖንጅ መድፈኛ በትክክል ከገባች የ30 ዴሲቤል አካባቢ መከላከያ አላት። ብዙ ሰው «አይሠራም» የሚለው በአግባቡ ስለማያስገባት ነው። በታጠበ እጅ በጣቶችህ መካከል እንደ ክር እስክትቀጥን ጠቅልላት። በተቃራኒው እጅህ ከራስህ ኋላ ዞረህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፤ ቀዳዳው ቀጥ ይላል። አሁን አስገባትና ተመልሳ እስክትነፋ ለ30 ሴኮንድ በጣትህ ደግፋት። የገዛ ድምፅህ ወፍሮ፣ ከውስጥ ሆኖ ከተሰማህ ገብታለች። ስትቆሽሽ ጣላት። የሲሊኮን ሆኖ ማጣሪያ ያለውም አለ፤ ይታጠባል፣ ንግግርም በተሻለ ያሰማል።

ክላክስ አልሰማም ብለህ መስጋትህ ትክክል ነው። በፍጥነት ስትሄድ ግን ክላክሱን የሚውጥብህ ነፋሱ ራሱ ነው፤ መድፈኛው ነፋሱንም ክላክሱንም አብሮ ዝቅ ስለሚያደርግ ክላክሱ ተለይቶ ይሰማል፣ ጆሮህም አይደክምም። ዝግ ብለህ በሰውና በጋሪ መካከል ስታልፍ ነገሩ ይለያል። የኔ ምክር ቀለበት መንገድ ላይ አድርገው፣ መርካቶ ስትገባ አውጣው ነው። የሙዚቃ ማዳመጫ ግን መድፈኛ አይደለም፤ ጩኸት ላይ ጩኸት ይጨምራል።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ መስታወቱ በትንፋሽህ ይሸፈንና ትከፍተዋለህ፣ ከፈትክ ማለት ጸጥታው ቀረ። ፒንሎክ የምትባለውን ሁለተኛ ስስ መስታወት የሚቀበል ሄልሜት ካገኘህ በዚህ ዋጋ ትልቅ ነገር አገኘህ። ካልሆነ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውስጥ በኩል ቀብተህ በለስላሳ ጨርቅ እስኪደርቅ መወልወል ለአንድ ሁለት ቀን ይረዳል። አቧራ የያዘ መስታወት በደረቁ አትጥረግ፤ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጫንበትና ጥረገው። የተፋቀ መስታወት ማታ የመኪና መብራት ይበትንብሃል። ቅርፊቱንም ሆነ መስታወቱን በቤንዚን ወይም በቲነር በፍጹም አታጽዳ፤ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ጨርቁን አውልቀህ ለብ ባለ ውኃ በሕፃን ሻምፖ እጠበውና ጥላ ላይ አድርቀው።

የቀረው ወንድምጋሼ ነው። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው የከበደህ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ መሰለኝ። እሱ በእጁ ራስህ ላይ ሲያደርግልህ የሰጠህ ነገር ምን ነበር? ሄልሜቱን ነው ወይስ «ትረፍልኝ» የሚለውን? ግንባርህ እንደሚቆስልና ከሰዓት በኋላ ማሰሪያውን ፈትተህ እንደምትነዳ ቢያውቅ የሚመርጠውን አንተ ከኔ ይበልጥ ታውቀዋለህ። ደብቀህ ገዝተህ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቢያይህ ነው ቅር የሚለው።

ስለዚህ ሳትገዛ በፊት ሄደህ አነጋግረው። ሄልሜቱን ይዘህ ሂድ፣ ጭረቱን አሳየው፣ የፎሙን ነገር አስረዳው፤ «ወንድምጋሼ፣ ይህ አንተን ሲያድን ያለቀ ነው፣ ሁለተኛ ምት መቀበል አይችልም» በለው። ቀጥለህ አብሮህ መርካቶ እንዲወርድ ለምነው። ከኋላህ ቆሞ ሄልሜቱን ወደ ፊት የሚገፋልህ ሰው ያስፈልግሃል ብዬህ ነበር፤ ለዓመታት ሞተር የነዳ ታላቅ ወንድም ካለህ ለምን ሌላ ትፈልጋለህ? ሲገፋም አይራራልህ፤ በደንብ ይግፋው። የድሮውን እሱ ቤት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠው። ለሌላ ሞተረኛ ግን አትስጡት፣ አትሽጡትም።

በዚህ መሀል አዲሱ እስኪገዛ ያለውን አስረህ ንዳ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ቆም ብለህ አውልቀህ ግንባርህን አሳርፍ። እስከዚያም የቃሊቲውን መንገድ ያለ መድፈኛ አትሂድ።

ሲርታውን ደግሞ ዝም ብለህ አትለፈው። መድፈኛ መጠቀም ከጀመርክ ሁለት ሳምንት ቆይቶም ማታ የሚጮህብህ ከሆነ፣ ወይም ባለቤትህን አሁንም ደግማ ካልጠራችህ የማትሰማት ከሆነ፣ የአንገት በላይ ሐኪም ያለበት ቦታ ሄደህ የመስማት ምርመራ አድርግ። በአንድ ጆሮህ ብቻ ከሆነ፣ ማዞር ካለው ወይም መስማትህ በድንገት ከቀነሰ ሁለት ሳምንቱን አትጠብቅ፤ በዚያው ቀን ሂድ። ስትሄድ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትነዳና ሲርታው በየትኞቹ ቀናት እንደሚብስ የጻፍክበትን ወረቀት ይዘህ ሂድ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።